አንዴ በበረዶ፣ አንዴ በኤሌክትሪክ፦ ሁለት ጊዜ የልብ አብሌሽን የተሠራለት ሰው ግምገማ

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ መኪና የሚገመግም ሞልቷል። እኔ የምገመግመው ልቤ ላይ የተሠራውን ሥራ ነው፤ አብሌሽን ይሉታል፣ የተዛባ የልብ ምትን ለማስተካከል ልብ ውስጥ ጠባሳ መሥራት ነው። ሁለት ጊዜ ተሠርቶልኛል፤ መጀመሪያ በ2021 በቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ በ2024 በኤሌክትሪክ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ኡበር እነዳለሁ፣ ዕድሜዬ 57፣ ደም ግፊትና ስኳር አብረውኝ ይኖራሉ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ነው የተሠራሁት፣ የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙ ከሚነሳ ነገሩ ቢወራ ይሻላል።

ለሚቸኩል ሰው፦ ሥራው ራሱ ከአምስት አምስት ኮከብ። ማስረዳቱ ከአምስት ሁለት፣ ሁለቷንም የሰጠሁት ለነርሶቹ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2019 የመስቀል ማታ ነው። ጠጁ በዛ ያለ ነበር፣ ክትፎውም እንደዚያው። ሌሊት ላይ ደረቴ ውስጥ ምቱ የጠፋበት ከበሮ መቺ የገባ መሰለኝ፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስት አራቴ ይደረድራል። አንዷ ዘመዴ በስልክ "የሰው ዓይን ነው" አለችኝ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ልቤ በደቂቃ 150 ይመታ ነበር። ስሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው ተባልኩ። እዚህ ሁሉም ኤፊብ ነው የሚለው፣ እኔም ኤፊብ ልበል። የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተሩን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። እነሱ ሲንቀጠቀጡ ደሙ ጥግ ይዞ ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። ብዙ ሰው ላይ ከምንም በፊት ደም ማቅጠኛ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓመት በኪኒን ገፋሁት። ሜቶፕሮሎል ምቱን ያረጋጋል፣ ግን ደረጃ ስወጣ ዳገት ላይ እንደቀረ አሮጌ ቮልስ አደረገኝ። ፍሌካይናይድ ለጥቂት ወራት ሠራ፣ ከዚያ ኤፊቡ ለመደው መሰለኝ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኜ ቤልትዌይ (የቀለበት አውራ ጎዳናው) ላይ ልቤ ተነሳ። መኪናውን ዳር አውጥቼ ቆምኩ። ተሳፋሪዋ ውኃ ሰጠችኝ፣ ሌላ መኪና ጠራች፣ አምስት ኮከብም ሰጠችኝ። አብሌሽን ይሁን ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከመፈረሜ በፊት ባለቤቴ "በአማርኛ ይነገረኝ" አለች። እዚህ አገር ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ አትፈሩ ጠይቁ። ስልክ ተደወለ። አስተርጓሚው ሰምቶ ሰምቶ "የባለቤትዎን ልብ ያቃጥሉታል" አላት። እሷ ደግሞ "የሱ ልብ ድሮም የተቃጠለ ነው፣ ሌላ ምን ይጨመርበታል!" አለች። ተሳሳቅን፣ ዶክተሯ ምን እንዳሳቀን ግራ ገባት። ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በኛ ቋንቋ ልብ ተቃጠለ ከተባለ ሐዘን ነው፣ ይህን የሰማች እናት ልጇን በጄ ብላ አትሰጥም። እኔ አስተርጓሚ ብሆን "ጠባሳ ይሠሩለታል" ነበር የምለው። ትክክሉም እሱ ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ጠባሳ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ማለፊያ የለውም። ሥራው በሙሉ እዚህች ላይ ነው የቆመው።

ጠባሳው የት ይሠራ ለሚለው መልሱ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በ1998 ቦርዶ ላይ የነሚሼል ሃይሳጌር ቡድን 45 በሽተኞችን መርምሮ፣ ኤፊቡን ከሚቀሰቅሱት ነጥቦች 94 በመቶው ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚመልሱት ደም መልሶች ውስጥ እንደሚገኙ አሳየ። አብዛኛው ሰው ላይ አራት ናቸው። ስለዚህ ስልቱ ቀላል ሆነ፦ የደም መልሶቹን አፍ ዙሪያውን በጠባሳ ማጠር። ነገረኛ ጎረቤት አጥሩ ውስጥ ሆኖ ቢለፈልፍ ቢለፈልፍ ድምፁ እናንተ ሳሎን አይደርስም። ጎረቤቱ አልሞተም፣ ዝም አላለም፣ አጥር ብቻ ነው የተሠራበት። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ አጥሩ ሲፈርስ እንመለስባታለን።

አጥሩን መሥሪያው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሙቀት ነው፣ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ይሉታል፤ በካቴተሩ (በደም ሥር በሚገባው ቀጭን ቱቦ) ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየተኮሱ እንደ ጥልፍ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ሁለተኛው በቅዝቃዜ ነው፤ ትንሽ ፊኛ የደም መልሱ አፍ ላይ ነፍተው ከዜሮ በታች 40 እና 50 ዲግሪ ድረስ ያበርዱታል፣ ክቡ በአንዴ ይሠራል። ሦስተኛውና አዲሱ ፐልስድ ፊልድ ነው። እሱ በሙቀትም በቅዝቃዜም አይደለም፤ እጅግ አጭር ግን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ለቅቀው የልብ ጡንቻውን ሴል ሽፋን ይበሳሱታል፣ ሴሉም ይሞታል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የተፈቀደው በ2023 ታኅሣሥ ነው፣ ሁለተኛው በወሩ።

በ2021 ለኔ የተሰጠኝ ምርጫ ሙቀት ወይ ቅዝቃዜ ነበር። የቱ ይሻላል ብዬ ዶክተሯን ያልጠየቅኩበት ቀን የለም። መልሷ ሁሌ አንድ ነው፣ "እኔ የለመድኩት"። ያኔ ያመለጠችኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትክክለኛው መልስ ነው። በ2016 የወጣ ፋየር ኤንድ አይስ የተባለ ጥናት 762 ሰዎችን አወዳድሮ ሁለቱ እኩል ናቸው አለ። ከሁለቱም ወገን ከሦስቱ አንዱ ላይ ችግሩ ተመልሷል። ስለዚህ ስለ ማሽኑ ከመጠየቅ "በዓመት ስንት ትሠሪያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ ይህን የጠየቅኩት ከሁለተኛው በፊት ነው፣ ዘግይቼ።

ቀኑ ሲደርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ሆስፒታል ነበርኩ። ሙሉ ማደንዘዣ ስለሆነ ስለ ሥራው የማውቀው የነገሩኝን ነው። በብሽሽት በኩል ደም መልስ ውስጥ ገብተው ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይወጣሉ፣ በቀኝና በግራ መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ በመርፌ በስተው ወደ ግራ ይሻገራሉ። ፊኛው ቀኝ በኩል ሲበርድ ድያፍራምን (የመተንፈሻውን ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አጠገቡ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ነርቩን ሆን ብለው እየቀሰቀሱ ይጠብቃሉ፤ ስቅታው ከደከመ ማብረዱን ያቆማሉ። ስነቃ ሳል ነበረኝ፣ ራስ ምታትም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ቆየ። ብሽሽቴ እስከ ጉልበቴ ድረስ እንደ ወይን ጠጅ ጠቆረ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው።

ያልጠበቅኩት ሦስተኛው ሳምንት ላይ መጣ። ልቤ ተነሳ፣ ያውም ከድሮው ብሶ። አለቀሰብኝ ማለት ይሻላል። ሌሊቱን በሙሉ "ይህን ሁሉ ስቃይ ለምንም" እያልኩ አደርኩ፣ ባለቤቴም አብራኝ አልተኛችም። ጠዋት ስደውል ነርሷ በተረጋጋ ድምፅ "ኧረ ይህ ብላንኪንግ ፒሪየድ ነው" አለችኝ። ለካ አዲሱ ጠባሳ እስኪድን ልብ ስለሚቆጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ላይ የሚመጣ ኤፊብ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። እሺ፣ ይህን አንድ አረፍተ ነገር ከመውጣቴ በፊት የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው? እነሱ በቀን ስንቱን ሲሠሩ የሚውሉት ተራ ነገር ስለሆነባቸው እኔም የማውቅ ይመስላቸዋል። አንዷ የጎደለች ኮከብ እዚህ ናት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገነት። ደረጃ ወጣሁ፣ እስክስታ ወረድኩ፣ የልጄ ምርቃት ላይ ከወጣቶቹ ጋር ትከሻዬን ጣልኩ።

በ2023 መጨረሻ ተመለሰ። መጀመሪያ በወር አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት። ዶክተሯ "አጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ተከፍቷል" አለችኝ (አጥር የሚለው የኔ ነው፣ እሷ ሪኮኔክሽን ነው ያለችው)። ብዙ ጊዜ ለመመለሱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ጠባሳው እስከ ታች ያልዘለቀበት ጠባብ ቦታ ይድንና ኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ያገኛል።

እኔ ደግሞ ዩቲዩብ አይቼ መጥቻለሁ። ተጨማሪ መስመር፣ ተጨማሪ ነጥብ፣ ልቡን በሙሉ እንደ ቆጮ መፋቅ ምናምን የሚሉ ነበሩ። "በደንብ ይሠራልኝ፣ ሁሉንም አድርጊልኝ" አልኳት። ሳቀችና በ2015 የታተመ ስታር ኤኤፍ ሁለት የተባለ ጥናት ነገረችኝ። 589 ሰዎች፣ ኤፊባቸው የማይለቅ ዓይነት። ደም መልሶቹ ብቻ የታጠሩላቸው 59 በመቶው ከዓመት ተኩል በኋላ ደህና ነበሩ። ተጨማሪ መስመር የተሠራላቸው ግን 46 በመቶ ብቻ። ልዩነቱ እንኳን በአጋጣሚ ነው ቢባል፣ ብዙ ጠባሳ ብዙ ጥቅም እንዳላመጣ ግልጽ ነው። እኛ ሐበሾች መርፌ ያልወጋ ሐኪም ምንም እንዳልሠራ እንቆጥራለን አይደል? ትንሽ ሠርቶ ማቆም ዕውቀት መሆኑን እኔ የተማርኩት ያኔ ነው።

በ2024 ጥቅምት ሁለተኛው ተሠራልኝ፣ በፐልስድ ፊልድ። በኋላ የልቤን ካርታ በኮምፒውተር አሳየችኝ፤ ሐምራዊው ጤነኛ ጡንቻ፣ ቀዩ ጠባሳ። ከአራቱ ሁለቱ ደም መልሶች ላይ ሐምራዊው ሾልኮ ገብቷል። እነሱን ዘጋች፣ ሌላ ምንም አልነካችም። የኔ ገብቶ መውጣት ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር አጭር ነበር። አይገርምም፣ በ2023 የወጣው አድቬንት የተባለው ጥናት ላይም በፐልስድ ፊልድ የተሠራላቸው ትንሽ ፈጠን ብለው ነው የወጡት። በውጤት ግን ያው ነው፣ ከዓመት በኋላ ደህና የነበሩት በፐልስድ ፊልድ 73 በመቶ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ 71 በመቶ ናቸው። አዲስ ማሽን ስለሆነ ብቻ ሁለት ስቴት አቋርጦ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ፣ ይህን ቁጥር አይቶ ይወስን።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? ለጉሮሮው ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ጀርባ ምግብ ከምንውጥበት ቧንቧ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ሙቀቱ ወይ ቅዝቃዜው አልፎ ቧንቧውን ከጎዳ፣ በጣም አልፎ አልፎ በልብና በምግብ ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። በብዙ ሺህ ሰው ላይ ጥቂት ነው፣ ግን ሲመጣ ገዳይ ነው። ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ወር ድረስ ቆይቶ ትኩሳት፣ ስትውጡ ሕመም፣ የደረት ሕመም፣ አንዳንዴ እንደ ስትሮክ ያለ ነገር ሆኖ ይመጣል። ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ዳማከሴ ይጨምቅለታል። አታድርጉት። ድንገተኛ ክፍል ሂዱና መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል "አብሌሽን ተሠርቶልኛል" ይሁን። ሲቲ ስካን ነው የሚያስፈልገው፤ ቱቦ በአፍ አስገብተው ጉሮሮ በካሜራ እንይ ካሉ አይሆንም በሉ፣ የሚነፋው አየር ራሱ ይጎዳል።

ፐልስድ ፊልድ የልብ ጡንቻን ለይቶ ስለሚመታ አጠገቡ ያለውን ብዙም አይነካም። ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት በ2024 የወጣ ጥናት ላይ አንድም እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልተገኘም። ለኔ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። ምንም እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል። በማግስቱ ሽንቴ ያለ ወተት እንደተፈላ ሻይ ሆኖ ሳየው ልቤ በድጋሚ ሊቆም ነበር። ደውዬ ስጠይቅ "አዎ ያጋጥማል፣ ውኃ ጠጣ፣ ካልጠራ ተመለስ" ተባልኩ። ጠራ። ኩላሊት ላይ ችግር ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ቢያወራበት ይሻላል። ይህንንም አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ሁለተኛዋ የጎደለች ኮከብ። የትኩሳቱስ? የመውጫ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ገጽ 7፣ ከመኪና ማቆሚያው መመሪያ ቀጥሎ። ሦስተኛዋ።

አብሌሽን የማያደርገውንም ልንገራችሁ። ዕድሜ አይቀጥልም፣ ቢያንስ ለሁሉም አይደለም። ካባና የተባለው ትልቁ ጥናት 2204 ሰዎች ላይ ሞትንና ስትሮክን ከመድኃኒት በግልጽ የተሻለ አልቀነሰም፤ ልባቸው የደከመ ሰዎች ላይ ግን በ2018 የወጣው ካስል ኤኤፍ ሞትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ለኔ ዓይነቱ ሰው የሚገዛው ደህና ቀን ነው። ይህም የምናብ አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት ግማሹን ሰው አስተኝተው ምንም ሳይሠሩለት አስነሱት፣ በእውነት የተሠራላቸው ግን በግልጽ ተሻሉ።

ደም ማቅጠኛውም አይቀርም። ሁሉም ሰው ከአብሌሽን በኋላ ለሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ የኔ ሐኪም የምታየው የስትሮክ ስጋቱን ነው። እኔ ግፊትና ስኳር ስላለኝ ኤሊክዊሴን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ጾም ላይ ለሚቸገር፦ ኤሊክዊስ ያለ ምግብ ይወሰዳል፣ ዛሬልቶ ግን ከምግብ ጋር ነው፣ ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፣ ንስሐ አባቴም የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ከርዕሱ ወጣ ልበል። አገር ቤት ኤፊብ ያለባት አክስት አለችኝና የተረፈኝን ኤሊክዊስ በሻንጣ ልልክላት ነበር። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ኤፊብ የሚይዘው ግን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቩ ጠቦ ነው። የሷም እንደዚያ ነው። በ2022 የወጣ ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ አዲሱን ዛሬልቶን ከአሮጌው ዋርፋሪን ጋር አወዳድሮ ያሸነፈው ዋርፋሪን ነው። የዋርፋሪን የደም ምርመራ ቢያሰለችም ለነሱ እሱ ነው። የኔ ሻንጣ በጫማና በቪታሚን ተሞልቶ ሄደ።

ስለ ቡና ደግሞ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘመድ አዝማድ "ቡና ተው" ሲለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ተውኩ። ረከቦት ፊት ተቀምጬ ፈንዲሻ ብቻ የምዘግን ሰው ሆንኩ። በ2025 መጨረሻ የወጣ ጥናት ላይ ግን 200 ሰዎች ልባቸው በኤሌክትሪክ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጡ፣ ግማሾቹ እንዲተዉ ተደረገ። ኤፊቡ በብዛት የተመለሰው በተዉት ላይ ነው! ዶክተሯን አስፈቅጄ ጀመርኩ፣ እስከ ቶና፤ በረካ አልደርስም። ጠጅ ግን አይመለስም፣ አልኮል መተው ኤፊብን እንደሚቀንስ በ2020 አውስትራሊያ ላይ ተፈትኗል። እዚያው አውስትራሊያ ክብደት መቀነስ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣም አይተዋል። እኔ 11 ኪሎ ቀነስኩ፣ ማንኮራፋቴም ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ) ሆኖ ስለተገኘ ማታ ማታ ሲፓፕ፣ አየር የሚነፋ ጭንብል፣ አጥልቄ እተኛለሁ። ባለቤቴ "ፓይለት አገባሁ" ትላለች። ለሁለተኛው አጥር መቆም ከማሽኑ ይልቅ እነዚህ የጠቀሙኝ ይመስለኛል።

ዋጋ። ሆስፒታሉ ለኢንሹራንሱ የላከው ሒሳብ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ። እኔ የከፈልኩት በዓመት ከኪሴ እንድከፍል የተወሰነውን ጣሪያ ነው። ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃዱን አንዴ ከልክሎ ነበር፣ ዶክተሯ ደውላ አስለወጠች። የማደንዘዣው ሰው ለብቻው ቢል ይልካል። ምክሬ፦ የዓመቱን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን) ከጨረሳችሁ ከጥር በፊት አሠሩት፣ ጥር ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ጥቅምት ላይ ያሠራሁት ለዚህ ነው። ለኡበር ሾፌር ደግሞ አንድ ሳምንት ገቢ የለም፤ ሻንጣ ማንሳት ክልክል ነው፣ ብሽሽታችሁ ሳይድን ፍሬን መርገጥም አይመከርም።

ዓመት ከምናምን ሆኖኛል፣ የልብ ምቴን የሚከታተለው የእጅ ሰዓቴ አንድም ጊዜ ኤፊብ አላለኝም። ባለፈው ቀጠሮ ላይ የመውጫ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ገጽ 7ን ለነርሷ አሳየኋት፣ ትኩሳትና መዋጥ የሚለውን በእስክሪፕቶ ከብቤ። ፎቶ አነሳችው። ሚያዝያ ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ገጽ 1 ላይ ካገኘሁት ሦስተኛዋን ኮከብ እጨምራለሁ።